ከአርባው ቀን በኋላ

እስካሁን ያላነበባችሁኝ ብዙ አላመለጣችሁም፤ የእስከ ዛሬው ወሬ በሁለት ጉልበት ይጠቃለላል። ማሂ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ባለች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሥራዬ የሰው መገጣጠሚያ ማሸትና ማንቀሳቀስ ነው፤ አመሌ ደግሞ መጠየቅ። እናቴ ጠጅቱ "በጥያቄ ብዛት ባል የሚገኝ ቢሆን እስካሁን ሦስቴ ታገቢ ነበር" ትለኛለች።

እናቴ የልደታ ማርያም ደጅ ላይ ጧፍና ዣንጥላ ትሸጣለች። እኔም ከጌጃ ሰፈር እየተመላለስኩ እዚያው ደጅ ላይ ነው ያደግኩት። ሰው ሲሳለም፣ ሲያለቅስ፣ ከራሱ ጋር ሲያወራ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ፤ ዕቃ ጠባቂ ስለነበርኩ ግን ወደ ውስጥ የገባሁበት ቀን በጣት ይቆጠራል። እምነት ለእኔ እንደ ጎረቤት ቤት ነው። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ሳሎኑን አላውቀውም።

በዕውቀቱ የመጣው በዐቢይ ጾም መሀል ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል፣ ከእናቱ ጋር ከክሊኒካችን በላይ አራተኛ ፎቅ ይኖራል። ሱሪውን ወደ ላይ ሲሰበስብ ሁለቱም ጉልበቶቹ አብጠዋል፤ ቆዳቸው ጠቁሮ ጠንክሯል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ኳስ።"

"ኳስ አንዱን ጉልበት ነው የሚጎዳው። ሁለቱን እኩል የሚጎዳ ኳስ የት ነው ያለው?"

"ሲስተር፣ መምህር ነኝ። ቀኑን ሙሉ መቆም ነው።"

"ሲስተር አይደለሁም። መቆምም ቆዳ አያጠቁርም።"

ፈገግ አለ። ዝም የሚል ሰው ደግሞ ያሳብደኛል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሲመጣ ሁለት ጥያቄ አዘጋጅቼ እጠብቀው ጀመር። ጥያቄው ማመካኛ እንደሆነ ልቤ ያወቀው ግን ቆይቶ ነው።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ታካሚ ተራውን ቀምተው ሰደቡት። በዕውቀቱ ተነሥቶ ወንበሩን ሰጣቸው፣ ዱላቸውን ከመሬት አንሥቶ አቀበላቸው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ክሊኒኩ ይፈርስ ነበር።

"ይሄን ልብ ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"የእኔ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ዳዊት እደግማለሁ። ቀኑን ሰው እንደሰጠኝ ነገር አድርጌ ነው የምጀምረው። የተሰጠሽን ነገር በቁጣ አታበላሺውም።"

"ፊዚክስ እንዲህ ይላል?"

"ፊዚክስ ቀኑ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይነግርሻል። የማን እንደሆነ ግን አይነግርሽም።" ይህን ሲል አየኝ፣ ከዚያም ዓይኑን መለስ አደረገ። እጄ ጉልበቱ ላይ ነበር፤ የማሸውን ረሳሁት።

ከፋሲካ በኋላ ተአምር ሆነ። እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙ ለቀቀው። እኔ ሞኟ፣ በእጄ ሥራ ነው ብዬ ክሊኒኩን ሁሉ ጉራ በጉራ አደረግኩት። በዕውቀቱም ሕክምናው ሲያልቅ መሄዱን ተወ፤ ከክሊኒኩ ጎን ጭማቂ ቤት ገብተን ስፕሪስ ይዘን እንቀመጣለን፣ ስለ ተማሪዎቹ ያወራኛል፣ እያወራ ሳለ ያየኛል፣ ዞር ስል ዝም ይላል። ወር ከግማሽ እንዲህ ሆንን። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም፤ ለሰው አልተናገርኩም እንጂ ልብስ መምረጥ ጀምሬ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ጉልበቶቹ እንደገና አበጡ። እሱም ተለወጠ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ሰዓቱን ያያል፣ "ቀጠሮ አለኝ" ይላል፣ ብድግ ይላል።

"በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት? ምን ዓይነት ቀጠሮ ነው?"

"የማይቀር ነው፣ ማሂ።"

ሴት ናት አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ቤት ገብቼ እናቴ ላይ ተፋሁት፤ ከፋሲካ በኋላ እንዴት እንደዳነ፣ ሰኔ ሲገባ ጉልበቱም ልቡም እንዴት እንደከዳኝ። እናቴ ጧፍ እየጠቀለለች ሰማችኝና ሥራዋን አቆመች።

"ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ድኖ ነበር ነው የምትይኝ?"

"አዎ።"

"አንቺ ልጅ፣ ደጅ ላይ አድገሽ እንዲህ ትደነቁሪያለሽ? በበዓለ ሃምሳ እኮ አይሰገድም። ልጁ ሰጋጅ ነው።"

አፌን ያዝኩ። የአራት ዓመት ትምህርቴ ያላገኘውን ምርመራ እናቴ ከጧፏ አጠገብ ሳትነሣ አገኘችው። ሴት የለችም ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሌላ ነገር ገባብኝ። ምን ያደረገ ሰው ነው ጉልበቱ እስኪጠቁር የሚሰግደው?

በማግሥቱ ሱሪውን ሳይሰበስብ ጠየቅኩት።

"በቀን ስንት ትሰግዳለህ?"

ፊቱ ደም አጣ። "መቶ ሃምሳ" አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቃሉ አልቆመም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ግንቦት አንድ ቀን፣ የልደታ ዕለት ነው። አባቱ በማለዳ ተነሥተው ነጠላቸውን ለብሰው "ልጄ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያን አድርሰኝ" አሉት። በዕውቀቱ የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር። "አባዬ፣ ዛሬ አልችልም፣ የሚቀጥለው ወር ልደታ አደርስሃለሁ" አላቸው። አባቱ ብቻቸውን ወጡ። ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ወደቁ፣ ዳሌያቸው ተሰበረ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን አረፉ።

ከተዝካሩ በኋላ ለንስሐ አባቱ ለመምሬ ተክለጻድቅ ተናዘዘ። መምሬ ቀኖና ሰጡት። አርባ ቀን፣ በቀን አርባ አንድ ስግደት። "ስትጨርስ ና፣ እፈታሃለሁ" አሉት። በአርባ አንደኛው ቀን ሄደ። መምሬ የሉም። ዘበኛው "ታመው አገራቸው ገብተዋል" አለው።

"ከዚያስ?"

"ቀጠልኩ።"

"ለምን?"

"ንስሐዬን ቢቀበለው ኖሮ የሚፈታኝን ሰው አይወስድብኝም ነበር። አልበቃም ማለት ነው ብዬ ጨመርኩ።"

"ሌላ ካህን የለም? አዲስ አበባ ካህን ጠፍቶ?"

"ያሰረኝ እሳቸው ናቸው።"

ይህን የሚለኝ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ነው። ሰው ሲሰድበው ወንበር የሚያስለቅቀው እምነት፣ ያው አንድ እምነት፣ ለራሱ ሲሆን ግን ምሕረት የለውም። አንድ ጭንቅላት ሁለቱን እንዴት ይይዛል? መጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"በዕውቀቱ፣ እወድሃለሁ።"

ተነሥቶ ወጣ። ጫማውን እንኳ በደንብ አላሰረም። ባዶው አልጋ አጠገብ ቆሜ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ካርድ ክፍል ደብዳቤ ትቶልኝ አገኘሁ። ከደብተር ተቀዶ የወጣ ወረቀት ነው፣ ጽሑፉ ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፍ የተስተካከለ።

"ማሂ፣ ፊት ለፊት መናገር ስላቃተኝ ነው የምጽፍልሽ። እኔም እወድሻለሁ። ይህን ደብቄ ብጽፍ ሌላ ኃጢአት ይሆንብኛል። ግን ያልተፈታ ሰው ጎጆ አይወጣም። ብንጋባና ልጃችንን አንድ ቀን ቢያመው 'በእኔ ነው' እላለሁ። ገበያ ሄደሽ ብትዘገዪ 'በእኔ ነው' እላለሁ። እንዲህ ከሚያስብ ሰው ጋር መኖር ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ፤ አንቺ እንድታውቂው አልፈልግም። አትጠብቂኝ።"

መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው አንጀቴን በላው። እወድሻለሁ ብሎ የጀመረ ደብዳቤ አትጠብቂኝ ብሎ ሲያልቅ ሰው በየትኛው ይያዛል? አጥፌ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ቀኑን ሙሉ በእጄ ስነካካው ዋልኩ።

በሳምንቱ እናቱ እትዬ ወለተሰንበት ወደ ክሊኒኩ ወረዱ። የመንግሥት ጡረተኛ ናቸው፤ ጥርት ያሉ፣ ቀና ብለው የሚሄዱ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"አንቺ የጠጅቱ ልጅ አይደለሽም? የጧፏ?"

"ነኝ፣ እትዬ።"

"እንዲያው ለነገሩ ነው። ልጄ ስለ ነፍሱ ያስባል፣ አንቺ ስለ ጉልበቱ። አትመጣጠኑም። ተይው።"

"እሺ እትዬ" አልኩ፤ ምን ልበል? በር ላይ ደርሰው ቆሙ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

"ደረጃውን የሚወርደው ግድግዳ ይዞ ሆኗል። ትናንት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተንሸራተተ። አባቱ በወደቀበት።" የበሩን እጀታ ያዙ። "ይድናል?"

"ካቆመ ይድናል።"

"ማን ያስቁመው?" ብለው ወጡ። ኩራታቸው ሁሉ ፍርሃት እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልቤ አዘነላቸው፤ ፍርሃታቸውም ተጋባብኝ።

ማታ ለእናቴ ሁሉንም አወጣሁላት። የመምሬን ስም ስጠራ አቋረጠችኝ።

"መምሬ ተክለጻድቅ? ከአገራቸው ከተመለሱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ልጃቸው መቅደላዊት ቤት፣ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ናቸው።"

"እዚህ ጌጃ ሰፈር?"

"እዚህ ነዋ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ? እንዲህ ጠያቂ ነሽና።"

ሦስት ዓመት። የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኔ ግን መስከረምን አልጠበቅኩም፣ በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደረጃው ሥር ቆሜ ጠበቅኩት።

ስነግረው ይሮጣል ብዬ ነበር። ራሱን ነቀነቀ።

"እኔ ሄጄ ፍቱኝ ማለት የለብኝም። ንስሐ ማሳደድ አይደለም፣ መሸከም ነው።"

"ጉልበትህ እኮ ሊያልቅ ነው። እናትህ በየደረጃው ልባቸው እየወደቀ ነው።"

"ላያስችል አይሰጥም።"

ስለ ሕክምና ባወራው እንደማይሰማኝ ገባኝ። በራሱ ቋንቋ ካልሆነ ይህ ሰው በር አይከፍትም።

"እሺ" አልኩት። "ፍቱኝ አትበል። ግን የንስሐ አባትህ ከታመሙ ሦስት ዓመታቸው ነው። አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሃቸዋል?"

ቀና ብሎ አየኝ። የሰገደውን ሁሉ የሚቆጥር ሰው ይህን አላሰበበትም ነበር። "አልጠየቅኳቸውም" አለ። ስለጎዳሁት አዘንኩ፣ ስለሰማኝም ደስ አለኝ፤ ሁለቱም አንድ ላይ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የሐምሌ ዝናብ ጥሎ ባባራበት ሰዓት፣ ብርቱካን ይዘን ሄድን። መቅደላዊት በሩን ከፈተችልን፤ አርባዎቹን የያዘች፣ እጇ ላይ የዱቄት ምልክት ያለባት ሴት ናት። መምሬ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝቷል፣ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ዘምበል ብሏል። ስትሮክ። ለእኔ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ለበዕውቀቱ ግን እንደዚያ አልነበረም፤ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

"በዕውቀቱ" አሉ መምሬ። ቃል በቃል ነው የሚወጣላቸው። "ልጄ።"

እግራቸው ሥር ተንበረከከ። ጉልበቱ ሲያመው ፊቱ ላይ አየሁት።

"አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሳልጠይቅዎት ቀረሁ።"

"እኔም... አልጠየቅኩህም። እኩል ነን።" ትንሽ ዐረፉ። "ስግደቱን ጨረስክ?"

"አልጨረስኩም፣ አባቴ። አሁንም እየሰገድኩ ነው።"

መምሬ ያልሰሙ መስለው ወደ ልጃቸው አዩ።

"ስንት ነበር... የሰጠሁህ?"

"አርባ ቀን። በቀን አርባ አንድ።"

"አሁን ስንት ሆነ?"

"ሦስት ዓመት። በቀን መቶ ሃምሳ።"

ዝናቡ ከጣሪያው ጠርዝ ይንጠባጠባል። መምሬ ትኩር ብለው አዩት።

"የቀረውን... ማን ሰጠህ?"

በዕውቀቱ ሲጨንቀው እንደሚያደርገው ጣቶቹን አጣመረ፣ ፈታ፣ እንደገና አጣመረ።

"ስመጣ አልነበሩም። እግዚአብሔር ንስሐዬን ባይቀበለው ነው የሚፈታኝን የወሰደብኝ ብዬ..."

"እኔ የታመምኩት" አሉ መምሬ፣ "የግፊት መድኃኒቴን... ትቼ ነው።"

"ስንለምናቸው፣ ስናለቅስባቸው" አለች መቅደላዊት ከኋላ። "ጾም ነው ብለው እምቢ አሉ። ጳጳስ ቢመጣ አይሰሙም ነበር።"

"እውነቷን ነው" አሉ። "የእኔ ጥፋት ነው። አንተ ምን አገባህ?"

እኔ መሳቅ ቃጣኝ፣ ማልቀስም ቃጣኝ። ያ ሁሉ ሦስት ዓመት፣ ያ ሁሉ መከራ፣ አንድ ሽማግሌ ክኒናቸውን ባለመዋጣቸው። አመሌ አይለቀኝምና ጠየቅኩ።

"አባቴ፣ ታዲያ ያ ሁሉ ስግደት ከንቱ ነው?"

ወደ እኔ ዞሩ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁም። "ለእግዚአብሔር የተሰገደ... ከንቱ የለም። አርባው ቀን ንስሐ ነበር። የቀረው ግን ፍርሃት ነው። ፍርሃት ደግሞ ስንት ቢሰጡት... በቃኝ አይልም።"

በዕውቀቱ አንገቱን ደፋ። ድምፁ ከመሬት የሚወጣ መሰለኝ።

"ከተውኩት አባቴን የምረሳው ይመስለኛል። እሱን የምይዝበት ሌላ ነገር የለኝም።"

ይህን ለእኔ አልነገረኝም ነበር። ደብዳቤውም ላይ አልነበረም። በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የነበረው ቀጠሮ ከአባቱ ጋር እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ቀንቼበት የነበረው በሐዘኑ ነው፤ አፈርኩ።

መምሬ ቃሉን እየሰበሰቡ ነበር።

"አባትህ ያን ቀን... ስገድልኝ አላለህም። ቤተ ክርስቲያን አድርሰኝ ነው ያለህ።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ከዚያ ወዲህ ቆርበሃል?"

"አልቆረብኩም። ሳልፈታ እንዴት?"

"እንግዲህ እሱ የለመነህ ቦታ... አንተም አልደረስክም።"

በዕውቀቱ ላይ አንድ ነገር ሲሰበር አየሁ። ትከሻው ወረደ። መምሬ መስቀላቸውን ከጠረጴዛው ላይ በግራ እጃቸው አነሡና ወደ ቀኛቸው አሸጋገሩት። ጣቶቻቸው ያዙት፤ ክንዳቸው ግን አልነሣም አላቸው። ሞከሩ። ደግመው ሞከሩ። ግንባራቸው አላበው።

"በግራዎ ያድርጉት፣ አባዬ" አለች ልጃቸው።

"በዚህ ነው ያሰርኩት" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ አዩ። "ልጄ፣ ሥራሽ ምንድነው?"

"እጅ ማንሣት ነው፣ አባቴ" አልኩ።

"እንግዲያው አንሺልኝ።"

ሄድኩ። አንድ እጄን ክርናቸው ሥር፣ አንዱን ብብታቸው አጠገብ አደረግኩ። ቀስ ብዬ አነሣሁት፤ መስቀሉ በዕውቀቱ ራስ ላይ ደረሰ።

"እግዚአብሔር" አሉ መምሬ። ዐረፉ። ክንዳቸው ሁሉ እኔ ላይ ነበር። "ይፍታህ።"

በዕውቀቱ "አባዬ" ብሎ ጮኸ። መምሬን አልነበረም የጠራው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያላለቀሰውን ለቅሶ የሰው ቤት ምንጣፍ ላይ አለቀሰው። መቅደላዊት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ የመምሬን ክንድ ይዤ ስለነበር እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ተውኩት።

ሲረጋጋ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ቀና ሲል አስቀድሞ ያየው እኔን ነው፣ ከዚያ መምሬን።

"አባቴ፣ ይህችን ልጅ ላገባት እፈልጋለሁ። ይቻላል?"

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?" አሉ። "ክንዴን የያዘችውን ጠይቃት።"

ጠየቀኝ። እሺ ለማለት የቸኮልኩትን ያህል በሕይወቴ ለምንም አልቸኮልኩም፤ ጥያቄውን ሳይጨርስ እሺ አልኩት። በዕውቀቱ መሳቅ ጀመረና መሀል ላይ ደነገጠ፤ የሰው ዕቃ እንደነካ ሰው ዙሪያውን አየ።

"ደስ አለኝ" አለ ቀስ ብሎ፣ ጥፋቱን እንደሚናዘዝ።

መምሬ እጃቸውን ገና ከራሱ ላይ አላወረዱም ነበር።

"ይበልህ" አሉት፣ በዘመመው አፋቸው ፈገግ ብለው።